ስልሳ ሁለት ጊዜ «አለ»

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ከለይቶ ማቆያ ጣቢያው፣ ከዘበኛው ክፍል

ለልጄ፣

«ለውድ ልጄ» ብዬ ጀምሬ «ውድ» የሚለውን ሰረዝኩት። ሰርዤ ደግሞ አዘንኩ። ውድ መሆንሽን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ግን እጄ እሺ አላለኝም። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል። እኔም «ጤናሽ እንዴት ነው?» ልል ስል ያ አንቺ የፈረምሽበት የጤና ምስክር ወረቀት ፊቴ ድቅን አለብኝ። ብዕሩን ወርውሬ ውጭ ወጣሁ፤ ጠጠሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ገባሁ። ዘበኛው «ላጪው፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ውሸት ለምዶብኛል፤ ማን እንዳስለመደኝ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ አባትሽ ወኔ የለኝም። «በቃ፣ በቃ፣ ተይው» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ነው፤ ያው ጊደሮቹን ጭኖ ያመጣው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። መታጠቂያዬ ላይ ተንጠልጥለሽ ያደግሽበት ሥራ ነው። ግን የረሳሽው ስለመሰለኝ እንደ አዲስ ሰው ልንገርሽ። ከድንበር ማዶ ከብት ገዝቶ የሚያስገባ ሁሉ መጀመሪያ እኛ በር ላይ ይቆማል። ወረቀቱ ይታያል፤ የእያንዳንዱ ከብት የጆሮ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ አንድ በአንድ በብረቱ መተላለፊያ ይገባሉ። ጫፉ ላይ እኔ መላጫዬን ይዤ እቆማለሁ። የጣቢያችን ሐኪም ደም እንድትቀዳ አንገታቸውን እላጫለሁ። ከመላጨቴ በፊት ግን ግራ አንገታቸውን አያለሁ። ለምን? የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ ምርመራ ሲደረግ አንገት ላይ ሁለት ቦታ ተላጭቶ መርፌ ይወጋል፣ ቆዳው ይለካል፣ በሦስተኛው ቀን አብጦ እንደሆነ ደግሞ ይለካል። የተላጨ ፀጉር በሳምንት አይበቅልም። ወረቀቱ «ተመርምሯል» ካለ አንገቱም መመስከር አለበት። እኔ አይቼ «አለ» ወይም «የለም» እላለሁ፤ ሐኪሟ ትጽፋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ምሁር አይደለሁም፤ እኔ ካልኩ ግን አልኩ ነው። ኃላፊዎች ተቀያይረዋል፣ የእኔን «አለ» ግን አንዱም ተመልሶ አጣርቶት አያውቅም።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ወር ገደማ፣ አርብ ቀን፣ ስልሳ ሁለት ጊደር የጫኑ መኪኖች መጡ። ሾፌሩ ወረቀቱን ሲዘረጋ ከታች ያንቺ ፊርማ! ያ ጭራው እንደ መንጠቆ የሚታጠፈው፤ በልጅነትሽ በባዶ የመኖ ከረጢት ላይ እየሞነጫጨርሽ የተለማመድሽው። ልጄ ማዶ ተሻግራ የከብት ሐኪም ሆና፣ የሌላ አገር ማኅተም ሥር ስሟን አስፍራ፣ ፊርማዋ እኔ በር ላይ መጣ! ምን ልበልሽ፣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። ወረቀቱን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። «ይቺን ፊርማ አያችኋት? የእኔ ልጅ ናት! የእኔ!» ዘበኛው ሳይቀር ቆሞ አየ።

ድርቆሽም ነበረ። ድርቆሽን መቼም አትረሺውም፤ ሃያ አራት ዓመት መኖ ሲያበላ የኖረው፣ ፀጉሩ ላይ ሣር የማይጠፋው፣ አንቺን በጋሪው ላይ ጭኖ ግቢውን ሲያዞርሽ የነበረው። ፊርማውን አየና «እንደ አባቷ ራስ ታብረቀርቃለች» ብሎ መላጣዬን ዳበሰኝ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ገባች። ግራ አንገቷን አየሁ። ምንም የለም። ፀጉሯ ሙሉ፣ ልስልስ ያለ፣ መላጫ ነክቶት የማያውቅ። በቀኝ ይሆናል ብዬ ዞርኩ። የለም። ወረቀቱ ከዘጠኝ ቀን በፊት ተመርምራለች ይላል። ዘጠኝ ቀን! በዘጠኝ ቀን ፀጉር የሚያበቅል ተአምር እናንተ ጋ ከተገኘ እኔን መላጣውን ለምን ረሳሽኝ?

ክው ብዬ ቀረሁ። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ «ላጪው፣ አለ?» አለችኝ። ሾፌሩ ያያል፣ ድርቆሽ ያያል፣ አሁን ገና ፊርማሽን ይዤ ግቢውን የዞርኩት ሰውዬ ነኝ። ምን ልበል?

«አለ» አልኩ።

ብዬም ወዲያው ላጨሁት። ገባሽ? ላጨሁት! ከላጨሁት በኋላ ያልነበረውን ምልክት ማን ያውቃል? ሁለተኛዋ መጣች። የላትም። «አለ።» ሦስተኛዋ። «አለ።» ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እስከ ስልሳ ሁለት። በሠላሳ አንድ ዓመት ዋሽቼ የማላውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስልሳ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፣ በየመሐሉም መላጫዬን ዘይት እየቀባሁ። ማሽኑ ሲግል እጄን ያቃጥለኝ ነበር፤ አልተውኩትም።

የዚያኑ ዕለት፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ስልኬ ጮኸ። አንቺ ነሽ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ያልደወልሽ ልጅ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አልሽኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ልነግርሽ አፌን ስከፍት «ጊደሮቹ ደረሱ?» አልሽ። «ደረሱ።» «ተላጩ?» «አዎ፣ ሁሉም።» ያን ጊዜ ትንፋሽሽን ወዲያ ማዶ ሆነሽ ስታወጪው ሰማሁ። «እሺ አባዬ፣ መኪና ውስጥ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ብለሽ ዘጋሽ። ያ «በኋላ» እስከ ዛሬ አልመጣም።

እኔ ሞኙ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ለእናትሽ «ልጅሽ ደወለች፣ ሥራዋን ስትከታተል ብታያት!» ብዬ ነገርኳት። ቆይቼ ነው የገባኝ። አንቺ እኮ የደወልሽው ለእኔ አልነበረም። የደወልሽው ለመላጫዬ ነው። እዚህ በር ላይ ማን እንደሚቆም ታውቂያለሽ። አባቴ አይቶ ዝም ይላል፣ ላጭቶም ይሸፍንልኛል ብለሽ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ያሳደግሁሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ለዚህ ነው?

አሁን የባሰውን ስሚ። ደንቡን በደንብ ታውቂዋለሽ፤ እኔም አንቺ ከመጽሐፍሽ ስታነቢልኝ ነው የሰማሁት። ከብት አንዴ መርፌው ከተወጋ፣ ሁለተኛው ምርመራ ውሸት እንዳይናገር ስድስት ሳምንት ይጠበቃል፤ እኛ ጋ የሚቆጠረው በራችን ከገቡበት ቀን ነው። እኛም ወረቀትሽን አምነን፣ የእኔን «አለ» አምነን ጠበቅን። ባልተወጋ መርፌ አርባ ሁለት ቀን ጠበቅን! «የለም» ብዬ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይመረመሩ ነበር፣ የታመመችው ለብቻ ትታሰር ነበር። አርባ ሁለት ቀን ከአንድ ገንዳ ሲጠጡ፣ አንዷ በሌላዋ አፍንጫ ላይ ስትተነፍስ ከረሙ። በአርባ ሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ወጋች፣ በሦስተኛው ቀን ለካች። መለኪያውን ስታነብ ከጎኗ ነበርኩ። አንዷ አበጠች። ሌላዋ አበጠች። አሥራ አንድ! ግንባሯ ነጭዋ አንዷ ናት፤ እብጠቷ እንቁላል ያህላል።

ስንቷ ከዚያ ታማ መጣች፣ ስንቷ እዚህ ተላለፈባት? አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የሚያውቀው ያልተወጋው መርፌሽ ነበር። እኔና አንቺ ተረዳድተን አሳመምናቸው ማለት ነው። አሥራ አንዱ ይታረዳሉ፤ የቀሩት እስኪጣራ ድረስ ገና ስንት ወር ይታሰራሉ። ሲወልዱ ወተታቸው ለማን ሊሄድ እንደነበረ ታውቂያለሽ? ለትምህርት ቤት ልጆች ነው። የገዛቸው ባለ እርባታ አጥሩን ይዞ ቆሞ አሥራ አንዱን በጣቱ ቆጠራቸው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የእናትሽን አንገት ረሳሽው እንዴ? ሁልጊዜ በሻርፕ የምትሸፍነውን ጠባሳ? በልጅነቷ ከታመመች ላም ያልተፈላ ወተት ጠጥታ፣ እጢዋ አብጦ፣ ፈንድቶ፣ ሁለት ዓመት ስትማቅቅ ኖራ የቀረ ነው። አንቺ በአሥር ዓመትሽ በጣትሽ እየዳሰስሽው «እኔ የከብት ሐኪም እሆናለሁ» ያልሽው ለምን ነበር? እኔ አልላክሁሽም፣ ያ ጠባሳ ነው የላከሽ። ሰዉ ደንብ ሲባል የወረቀት ጣጣ ይመስለዋል። «ስድስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን፣ ግራ አንገት፣ ቀኝ አንገት፣ ምን ያንዘባዝባችኋል?» ይለኛል ነጋዴው ሁሉ። ነጋዴው ይበል። አንቺ ግን?

ገና አልጨረስኩም። ኃላፊው ስብሰባ ጠራ። «ወረቀቱ ንጹሕ ነው። አንገታቸው ላይ የምርመራው ምልክት እንደነበረ ላጪው አይቷል። ስለዚህ ደህና ሆነው ገብተው በሽታውን ያገኙት እዚሁ እኛ ጋ ነው» አለ። ከዚያ ማን ያበላቸዋል? ድርቆሽ። ሌሎች የታመሙ ከብቶች ከታሰሩበት በረት ጋሪውን ሳያጥብ አምጥቷል፣ መንሹን አቀላቅሏል ተባለ። ድርቆሽ እኮ ከበረት በረት ሲሄድ ጫማውን ሦስት ጊዜ በመድኃኒት ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ነው! መድኃኒቱ እግሩን ልጦት በክረምት በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው! «እኔ ጋሪ አላቀላቀልኩም» አለ። «ታዲያ ከየት መጣ?» አሉት። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «ላጪው፣ አንተ እንኳ ንገራቸው» አለኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አባረሩት። ሃያ አራት ዓመት በአንድ ቀን። ቦቲውን በፌስታል አንጠልጥሎ በዚህ በር ሲወጣ አየሁት፤ ፀጉሩ ላይ ሣር ነበረ። አምስት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። እናትሽ «ምን ነካህ?» ብትለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኳት። ይኸው፣ ሌላ ውሸት።

እሑድ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጦ የሰውን አሮጌ ጫማ ይሰፋል። ከፊቱ ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ አንቺ፣ ስለ «አለ»፣ ስለ ሁሉም። መርፌውን አላቆመም። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና እንዲህ አለኝ፦

«ለእኔ ልጅ ቢሆን እኔም ‹አለ› እል ነበር።»

«እግዜር ይስጥህ» አልኩ፣ ይቅር ያለኝ መስሎኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ። «‹አለ› እል ነበር። አንተን ሲያባርሩህ ግን አምስት ቀን አልቆይም። በል አሁን ሂድ፣ ሚስቴ ሳትመጣ ሂድልኝ። እሷ እንደኔ አትታገሥም።»

ተቀመጥም፣ ውሃ ጠጣም አላለኝ። ልክ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሐኪሟም ነበረች። «ምልክት አልነበረም» አልኩ። ኃላፊው «የትኛዋ ላይ?» አለኝ። «ስልሳ ሁለቱም ላይ።» «ታዲያ ለምን አለ አልክ?» «ፊርማው የልጄ ስለሆነ።» ሐኪሟ ወረቀቱን አወጣችና አየችው፤ በየረድፉ «አለ፣ አለ፣ አለ» ብላ የጻፈችው የራሷ እጅ ነው። «አንተን አምኜ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም እኮ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ለዚህ ነው ያመመኝ። ቃሌን ተቀበሉኝ፣ ፈረምኩ። መላጫዬን አስረከብኩ። እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታግደሃል ተባልኩ፤ ለጡረታዬ ስድስት ወር ሲቀረኝ። ድርቆሽን ነገ ይመልሱታል። ይኸው አሁን እዚህ ዘበኛው ክፍል ተቀምጬ የምጽፍልሽ ወደ ቤት መሄዱ አቅቶኝ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? ከአንቺ ምን እደብቃለሁ። ድርቆሽን ባያባርሩት ኖሮ ዝም እል ነበር። ጊደሮቹ ታርደው፣ ባለ እርባታው ከስሮ፣ እኔ መላጫዬን ሰቅዬ ጡረታ ወጥቼ፣ አፌን ዘግቼ እሞት ነበር። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። አንቺ ላይ እየጮኽኩ ያለሁት ግማሹ ለራሴ ነው። የወለደ አልጸደቀ ይላሉ፤ እውነት ነው።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። የጣቢያው ደብዳቤ ሐሙስ ከዚህ ይወጣል፤ ሰኞ አለቆችሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ የእኔ ግን ነገ ማታ እጅሽ ይገባል። አራት ቀን አለሽ። እነሱ ሳይጠሩሽ አንቺ ግቢ። ከእነዚህ ስልሳ ሁለት ሌላ በዚህ ዓይነት የፈረምሽባቸው ካሉ ቁጥራቸውንና የሄዱበትን ተናገሪ። ወተታቸው ዛሬ ጠዋት የሆነ ልጅ ኩባያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለምን እንዳደረግሽው አላውቅም። መድኃኒቱ አልቆ ነው? አለቃ «መኪናው ቆሟል፣ ፈርሚ» ብሎሽ ነው? ሦስት ቀን መጠበቅ ረዝሞብሽ ነው? መድኃኒት ከሌለ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። መኪና ከቆመ ይቁም። ሰው ካስገደደሽ ስሙን ተናገሪ፤ እኔ የአንቺን ተናግሬያለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ትናንት አንቺ የላክሽላትን ሻርፕ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ «ይቺ ልጅ መቼ ይሆን የምትመጣው?» እያለች ነበር። ዛሬ ስገባ መላጫው የሚሰቀልበትን ሚስማር ባዶውን ታየዋለች፤ እሷ መቼም ምንም አያመልጣትም። ትጠይቀኛለች። ጥርሴን አመመኝ ብዬ አልመልስላት። እነግራታለሁ። ታለቅሳለች፤ ከዚያ እኔን ትሰድባለች፤ ከዚያ ደግሞ «ልጄን ምን ያደርጓት ይሆን?» ብላ ቁጭ ብላ ታነጋለች። እኔም አብሬያት።

የሙያ ወረቀትሽን ይነጥቁሽ ይሆናል። ቢነጥቁሽ ቤትሽ እዚህ ነው። አልጋሽ እንዳለ ነው፤ እናትሽ አንሶላውን በየወሩ ትቀይረዋለች፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ስትመጪ ግን በዚህ በር በኩል ነው የምትገቢው፤ መጀመሪያም ድርቆሽ ጋ ሄደሽ ትቆሚያለሽ። ውሃ ላይሰጥሽ ይችላል። ቁሚ።

እንግዲህ ልቋጨው፤ ዘበኛው ወንበሩን ፈልጎ ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው። ፈጣሪ ልብ ይስጥሽ፤ የሰጠሽንም አይንሳሽ። እጅሽን ይባርክልሽ፤ ያ እጅ ከመፈረሙ በፊት ይዳስስ ነበር፣ ወደዚያው ይመልሰው። ከክፉ ይሰውርሽ፣ ከእኔም ቁጣ ጭምር። ፊት ላይ የሰረዝኩትን ቃል እዚህ መልሼዋለሁ፤ ውድ ልጄ ነሽ።

ሾፌሩ ይህን እንደሰጠሽ ደውዪልኝ። አነሳለሁ። ብቻ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ካልሽኝ በኋላ መልሴን ጠብቂ።

አባትሽ፣
ላጪው